የማደያው ሰልፍ ጓደኛዬ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ መኪናው ግቢ ውስጥ፣ ከጌሾው አጠገብ እንደቆመ ብዙ ወራት አለፉ። ነጭ አሮጌ አውቶሞቢል ነው። ዓመታት ቆጥቦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከማንም ሳይበደር ስለገዛው እንደ ሰው ይሳሳለት ነበር። «ዕዳ የሌለበት ነገር እንቅልፍ ይሰጣል» ይለኝ ነበር። መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም እሱ እያለ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ከጎኑ ተቀምጬ መንገድ ማየት ይበቃኝ ነበር።

የወሎ ልጅ ነኝ። ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ኬሚስትሪ እንዳስተምር ተመድቤ ነው፤ አግብቼ ቀረሁ። እዚህ ዘመድ የምለው የባለቤቴን ወገኖች ነበር። እነሱም ከተዝካሩ በኋላ እግራቸው እየራቀ መጣ። አልፈርድባቸውም፤ ገበሬዎች ናቸው፣ ሥራ አላቸው።

አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃችን ስትደውል ወሬዋ ሁሉ ስለ መኪናው ነው።

«እማዬ፣ ያን አሮጌ ሽጪውና የኤሌክትሪክ ግዢ። የጎደለውን ባንክ ያበድርሻል። ቤንዚን የለ፣ ሰልፍ የለ። ሰክተሽው ትተኛለሽ፣ ጠዋት ትነጂያለሽ።»

«መብራት የጠፋ ዕለትስ?»

«ሁልጊዜ አይጠፋም እኮ!»

«ሁልጊዜማ አይጠፋም። ሲጠፋ ግን መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም» አልኳት። ሳቀችብኝ።

አንድ ጠዋት፣ ቆሞ እንዳይበላሽ ብዬ ሞተሩን ሳስነሳው ነዳጁ ሊያልቅ ነው። ላቤ እየወረደ፣ ባጃጁ ሁሉ እየጮኸብኝ፣ እንደምንም ማደያ ደረስኩ። ሰልፉ ጥግ ዞሮ አስፋልቱን ይዞታል። ከፊቴ የቆመች አሮጌ ፒክአፕ ውስጥ የነበሩ ሰውዬ ወርደው በመስኮቴ በኩል ጎንበስ አሉ።

«ቲቸር፣ ሞተሩን ያጥፉት እንጂ። ሳይቀዱ ያለዎትን ይጨርሱታል።»

ልጃቸውን አስተምሬያታለሁ። የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው ልጃቸውን ሊያርሱ አዲስ አበባ እንደሄዱ የልጅ ልጅ ይዟቸው እዚያው ቀርተዋል። ያን ቀን ቤንዚን ሳይደርሰን ሰልፉ ተበተነ፤ እኛ ግን ረፋዱን ሙሉ ስናወራ ውለን ነበር። ከዚያ ወዲህ «ቤንዚን ገብቷል» በተባለ ቁጥር ይደውሉልኛል። እሳቸው ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ በፔርሙስ ሻይ። ስለ ሲሚንቶ መወደድ፣ ስለ ተማሪ ስንፍና፣ ስለ ባለቤቴም ሳይቀር እናወራለን። ስለ እሱ ስናገር ፊቱን የማያዞር ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንዳንድ ሳምንት ነዳጁ ሳይጎድል ሰልፍ እወጣ ጀመር።

ኋላ ግን አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ሳለን «ጉድ ላውራዎት» አሉኝ። «ለፒክአፗ ገዢ አገኘሁላት። ባንኩ እሺ ብሎኛል፣ የኤሌክትሪክ መኪና ላወጣ ነው።»

«ጋሼ፣ ባትሪው ቢበላሽ እዚህ አገር ማን ይጠግነዋል?»

«እሱን ያኔ እናስብበታለን። እስከ መቼ ስንሰለፍ እንኖራለን?»

እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። በሚቀጥለው ሰልፍ ከፊቴ የቆመው ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት ነበር። ሻዬን ብቻዬን ጠጣሁ።

ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ፤ ጋሼ ናቸው። ከባለቤታቸው ዘንድ ሲመለሱ ሉማሜ ላይ መቅረታቸውን ነገሩኝ። የዓባይ በረሃ አቀበት ባትሪውን በልቶታል። ደጀን ላይ ሊሞሉ ቢያስቡ መብራት የለም፤ ሉማሜ ይሻላል ብለው ቢደርሱ እዚያም ጠፍቷል።

«መጥተው ቢወስዱኝ ቲቸር? ሰው ቢቸግረኝ ነው።»

ከከተማ ወጥቼ ነድቼ አላውቅም። መንገዱ ሰላም መሆኑን መናኸሪያ ጠይቄ ተነሣሁ። ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ተጀምሯል። ከባድ መኪና ባለፈኝ ቁጥር መሪውን አንቄ እይዛለሁ። እንደዚያም ሆኖ ሉማሜ ስገባ፣ ባለቤቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አዲሷ መኪና ከፊታቸው ቆማለች፤ አቧራ ለብሳም ታምራለች።

«እንሂድ?» አልኳቸው።

መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ። «መሄድ አልችልም።»

«ለሻይ ቤቱ ሰዎች አደራ ይበሏቸዋ!»

«የራሴ ብትሆን ጥያት እመጣ ነበር። ሊብሬዋ ባንክ ነው ያለው። አንድ ነገር ብትሆን ለሌለች መኪና ዕድሜዬን ስከፍል ልኖር ነው።»

«ታዲያ ለምን አስመጡኝ?»

መሬት መሬት አዩ። «ስደውልማ ልመጣ ነበር፤ የምሬን ነው። ኋላ ሳስበው አልሆነልኝም። ይመለሱ እንዳልልዎት ደግሞ…ብቻዬን መጠበቁ ከበደኝ።»

አልተቆጣሁም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ሻይ አዘዝን። ማደያ ሰልፍ ላይ እንዳለን ሁሉ ስናወራ ዋልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መብራቱ አሁንም አልመጣም፤ መንገዱ ደግሞ ሲመሽ አይኬድበትም። እሳቸው አስፋልቱ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሡልኝ፤ እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። መብራት የመጣው በማግስቱ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሱቁን አከራይተው ወደ አዲስ አበባ ሊጠቀለሉ ሆነ። ለመሰናበት ቤቴ መጡ። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት መምጣታቸውን አልሰማሁም፤ በሩን ስከፍት ቆመው አገኘኋቸው። ከተማውን በሷ አንድ ዙር አዞሩኝ። የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚሰማው።

«እዚያ ቻርጅ ማድረጊያው በየቦታው አለ። ሰው ጭኜም ቢሆን የባንኩን እከፍላለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዝምታዋ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሬዲዮ ካልከፈትኩ ይጨንቀኛል» አሉኝ።

ደጄ ላይ ሲያወርዱኝ «ሰላም ይግጠምዎት ጋሼ» ብቻ አልኳቸው። ለበዓል ይደውሉልኛል፤ በየጊዜው ንግግራችን እያጠረ መጥቷል።

ልጄ አሁንም የኤሌክትሪኩን ነገር አልተወችም። ባለፈው ስታነሣብኝ ግን እስክትጨርስ ሳልጠብቅ «መቼ ነው የምትመጪው?» አልኳት። እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ሥራዋን እንዳላስተጓጉል ብዬ። «ለጥምቀት» አለችኝ።

መጣችም። ታቦት አብረን ሸኘን፣ አልጋዬ ላይ አብራኝ አደረች። ስትመለስ መናኸሪያ ድረስ እኔው ነዳሁ። ከጎኔ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ቆይታ «እማዬ፣ ጥሩ ትነጂያለሽ» አለችኝ። አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ቤት ነዳሁ።