የሾዴ ልብና የቡናው ቅጠል

ሽሮ ሜዳ ላይ ሾዴን የማያውቅ ሸማኔ ካለ፣ ገና ትናንት ማኅበሩ የገባ ነው። ሰውየው ሃምሳ አልፎታል፤ ሠላሳ አምስቱን ዓመት ያሳለፈው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያ ሲወረውር ነው። ጥለት ላይ የሚስተካከለው አልነበረም። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ሁለት ጉድ ይዞት ነበር። አንዱ ብሽሽቱ ላይ ያበጠው ቡአ ነው፤ መርገጫውን በረገጠ ቁጥር አንጀቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው ልቡ ናት።

ልቡ እንደ ሰው ልብ ቀጥ ብላ አትሄድም። ዱብ ዱብ ስትል ቆይታ ድንገት አንዷን ትዘላለች፤ ከዚያ ደረቱን ከውስጥ በቡጢ መትታ ትመለሳለች። ሌላ ሰው ምናልባት ልብ አይለውም ነበር። የሸማኔ እጅና እግር ግን የሚሠራው በምት ነው። ልቡ በዘለለች ቁጥር የሾዴም እግር ይሳሳታል።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ቀበሌው የነጻ ሕክምና ወረቀት ጻፈለትና ሆስፒታል ሄደ። ዶክተር ጌቱ የሚባል ወጣት ሐኪም ደረቱን ደጋግሞ አዳመጠው።

«አባባ፣ ይሄ ትርፍ ምት ነው። ብዙ ሰው አለው፤ እንዲህ ያለው አይገድልም። ቡአው ግን ከታነቀ ይገድላል። ስለዚህ በሰመመን አስተኝተን ኦፕራስዮን እናደርግልዎታለን። እስከዚያ ቡና እንዳይቀምሱ፤ እሱ ነው የሚያስዘልላት።»

ነርሷ አጸደ ደግሞ በጣቷ እያስጠነቀቀች «በቀጠሮው ዕለት ጠዋት በአፍዎ ምንም እንዳይገባ። ምንም!» አለችው።

ሾዴ ከዚህ ሁሉ ይዞ የወጣው «አስተኝተን» የምትለዋን ነው። አጠገቡ የሚሸምነው ታረቀኝ፣ ቀልድ የሚያውቅ መስሎት፣ «ነቅተህ እንዲህ የምትዘል ልብ፣ ተኝተህ ብትዘል ማን ይጠራታል?» አለው። አፉን ይያዘውና! ሾዴ ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አልረጋለትም። መሞቱን ፈራ፤ መፍራቱንም ለሚስቱ ለደሳለች መንገር አፈረ።

ቡናውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ደሳለች ግን እንደ ጋሞ ልማድ፣ በየጠዋቱ የቡና ቅጠል በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ አፍልታ ትሰጠዋለች። ቅጠሉን እቤታቸው ማንም ከቡና ቆጥሮት አያውቅም፤ እንዲያውም የደከመ ሰው የሚበረታበት ነው። ሾዴ በከሳ ቁጥር ቅጠሉን ታበዛለታለች፤ ልቡም የባሰ ትዘላለች። ወይ አለመታደል!

የኅዳሩ ቀጠሮ ደረሰ። ጠዋት ደሳለች በትልቅ ጣሳ ሞልታ አቀረበችለት።

«በል ጠጣ። ባዶ ሆድህን ቢላዋ አትችልም።»

«ምንም እንዳይገባ ብለዋል እኮ።»

«እህልና ውሃ ማለታቸው ነው። ቅጠል ደግሞ ምን አደረገ?»

ሾዴ ጣሳውን ትንሽ አየው። ከዚያ ሳያቋርጥ ጨለጠው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ልቡ ሁለቴ መትታ አንዴ ትዘል ነበር። ዶክተር ጌቱ ግንባሩን ቋጠረ።

«ቡና ጠጥተዋል?»

ደሳለች ቀደመች። «ኧረ የኔ ጌታ፣ ሁለት ወር ሙሉ ቡና ባፉ አልዞረም። ዛሬም የቡና ቅጠል ብቻ ነው የሰጠሁት፤ በእጄ ያፈላሁት።»

ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ። «እናቴ፣ ቅጠሉም እኮ ያው ቡናው ነው። በዚያ ላይ ሆዳቸው ውስጥ ፈሳሽ እያለ ላስተኛቸው አልችልም፤ ቢያስመልሳቸው ሳንባቸው ይገባል። በሉ፣ የካቲት ኑ።»

ደሳለች እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «እኔ ነኝ! በገዛ እጄ!» ሾዴ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሥቶለት ነበር፤ ደስ ብሎታል፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ደስ ብሎታል።

የካቲት ላይ፣ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ሄደ። አጸደ ብቻዋን ጠበቀችው። ዶክተር ጌቱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተልኳል፤ ሰመመን የሚሰጠውም ሰው አብሮት ሄዷል። «እስኪመለሱ ቀጠሮ የለም፣ አባባ» አለችው። መቼ እንደሚመለሱ እሷም አታውቅም።

ቡአው እያደር እስከ ጉልበቱ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። መርገጫ መርገጥ አቃተው። ማኅበሩ እስከ ፋሲካ ታገሠው፤ ከዚያ ጉድጓዱ ላይ ሌላ ሸማኔ ተቀመጠበት። ሾዴ አሁን እቤት ተቀምጦ ለሚስቱ ጥጥ ይባዝታል። ለጥለት የተፈጠረ እጅ!

ቅጠሉን ከኅዳር ወዲህ አልቀመሰም። አንድ ቀን ደሳለች እንዝርቷን አስቀምጣ መዳፏን ደረቱ ላይ አደረገችና ብዙ ቆየች።

«ይኸው፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ያን ዕለት እኔ ደንቆሮዋ ባልሰጥህ ኖሮ ዛሬ ሥራህ ላይ ነበርክ። እኔ ነኝ የጎዳሁህ፣ ሾዴ።»

ሾዴ አፉን ከፈተ። «ምንም» ማለት ምንም መሆኑን ያን ጠዋት አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ እንዲመልሱት ብሎ ነው የጠጣው። ይህን ሊነግራት ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«ጥጡ አልቋል» አላት፤ «ሌላ አምጪልኝ።»