አባቴና ወፍራሙ ላፕቶፕ

የሥነ ሕንፃ ትምህርት በጀመርኩበት ዓመት የራሴ ላፕቶፕ አልነበረኝም። ሥራዬን የምሠራው የዶርም ጓደኛዬ እስክትጨርስ ጠብቄ፣ በእሷ ላፕቶፕ ነበር። የጭነት መኪና የሚነዳበትን ጌም ያሳየችኝም እሷ ናት። ያኔ ቤት በጣም ናፍቆኝ ነበር። ጌሙ ውስጥ ዝናብ በሚጥልበት በዚያ ረጅም መንገድ ላይ መኪናዋን ቀስ አድርጌ ስነዳ ልቤ ይረጋጋ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአባቴማ እንዴት ተደርጎ! አባቴ ወናጎ አካባቢ ቡናና እንሰት የሚያለማ ገበሬ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። በእሱ ፊት የጌም ነገር ማንሳት ነውር ይመስለኝ ነበር።

ለሴሚስተር እረፍት ቤት ስገባ ቡናው ተሸጧል። አባቴ «ነገ ዲላ ወርደን ያንን የትምህርት ዕቃሽን እንገዛለን» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት እሱ የእሑድ ኮቱን ለብሶ፣ እኔ አጠገቡ ተጣብቤ በሚኒባስ ሄድን።

የገባንበት ሱቅ ጠባብ ነበር። ሻጩ፣ ረጋ ያለ ወጣት፣ ሁለት ላፕቶፖች አወጣልን። አንደኛው አዲስ፣ ስስና የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላኛው ያገለገለ፣ ወፍራም፣ ጥጉ የተጫረ፤ ግን ምስል የሚያፈጥን የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው።

«ለምን ሥራ ነው የምትፈልጊው፣ እህቴ?»

«ለትምህርት። የሕንፃ ንድፍ ልሠራበት።»

«ጌምስ ትጫወቻለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!» ድምፄ ራሴን እስኪያስደነግጠኝ ጮክ ብሎ ወጣ። ቶሎ ብዬ ስሱን አነሣሁና «ይሄ ይሻለኛል» አልኩ።

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። ቤት ውስጥ የምናወራው በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል። «ጌም ማለት ምን ነች እሱ?» ብሎ ሻጩን ጠየቀው።

«ጨዋታ ነው፣ አባባ። ለምሳሌ መኪና መንዳት አለ።»

«መኪና? እስቲ አሳየኝ።»

ሻጩ መጀመሪያ በስሱ ላይ ከፈተለት። ምስሉ እየቆመ እየተነሣ አስቸገረ። «አዩ፣ የዚህ ግራፊክሱ ደካማ ነው። ንድፍ ስትሠራም እንዲሁ ይቆምባታል» አለ። ከዚያ በወፍራሙ ላይ ከፈተው። መንገዱ ሳይቆራረጥ ወለል ብሎ ተዘረጋ።

አባቴ ሻጩ ባቀረበለት በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሁለት ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ። መኪናዋ ወዲያው የመንገዱን ዳር አጥር ገጨች። ሳቀ። ደግሞ ነዳ፤ ደግሞ ገጨ። እኔም ራሴን ረሳሁና በጌዴኦኛ «አባዬ፣ ኩርባው ላይ ሳትደርስ ፍሬን ያዝ፤ ይችኛዋን ተጫን» አልኩት።

እጁ ቆመ። «ታውቂዋለሽ ማለት ነው» አለኝ።

አንገቴን ደፋሁ። «አዎ።»

«ከትምህርትሽ ያዘናጋሻል?»

«አያዘናጋኝም። ሲከፋኝ ነው የምነዳው።»

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ማውራት ጀመረ። ወጣት ሳለ ከወርቃ ወደ ዲላ ቡና በሚያመላልሱ መኪኖች ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከጆንያው ላይ ተቀምጦ የሹፌሩን እጅ በጀርባ መስኮት ያያል፤ ማርሽ መቼ እንደሚቀየር በድምፁ ብቻ ይለያል። በኋላ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ የዓይን ምርመራው ላይ መለሱት። ግራ ዓይኑን ልጅ ሆኖ የቡና ቅርንጫፍ ወግቶት እንደማያይበት አውቃለሁ። ሹፌር መሆን ይመኝ እንደነበር ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ትከሻውን ያዝኩት።

እሱ ግን ወደ ሻጩ ዞረና «ለልጄ ጠንካራዋን ስጠው» አለ። «ሲከፋውም ይንዳበት።»

ወፍራሙን ገዛን። ቦርሳዬ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ማራገቢያው ሲጮህ የክፍል ጓደኞቼ «ወፍጮ ቤት ተከፈተ» እያሉ ይስቁብኛል። ያም ሆኖ የዓመቱን ንድፌን ስሠራ አንድ ቀን እንኳ አልቆመብኝም።

በክረምቱ እረፍት ቤት ስገባ አባቴ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ «መኪናችን ደኅና ናት?» አለኝ። ከእርሻ ሲመለስ እጁን በደንብ ታጥቦ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። ኩርባ ላይ አይቸኩልም፤ ማንንም አይቀድምም። እኔ ከኋላው ቆሜ አያለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ እየነዳ ሳለ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጎረቤታችን፣ ሳናስበው በር ላይ ብቅ አሉ። ደንግጬ ላፕቶፑን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ አባቴ ያዘኝ።

«ተይው» አለኝ። ከዚያ ለሽማግሌው አጠገቡ ያለውን ወንበር ሳበላቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ። ልጄ መንዳት አስተምራኛለች።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው ጠጋ አሉ።