ሽማግሌ የተላከላት መኪና

ባለፈው ሳምንት የተሳፈርንበት ሚኒባስ ዲንሾ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ከሥር ገብቶ የመሪውን መገጣጠሚያ በመዶሻ ሲደበድብ የአሮጌ ግራሶ ሽታ መጣብኝ፤ ከሽታው ጋር ጋሽ ከድር መጡብኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲያጉረመርም እኔ ብቻ ፈገግ አልኩ።

ጋሽ ከድር ሮቤ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የትራክተር መካኒክ። ባለሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ ነጭ የጣሊያን የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። ለባሌ ጭቃና ኮረት እንዲህ ያለችውን ማን እንዳመጣት እሳቸውም አያውቁም። ከተማው “ሳሙና” እያለ ይቀልድባት ነበር። ልጃቸው ፋጡማ ግን “በእሷ ነው የምዳረው” እያለች ነው ያደገችው።

ጎባ ላለ ሙሽራ የምትዳርበት ሠርጓ ሲቃረብ የመኪናዋ መሪ ላላ። ሩብ ዙር ካላዞሩት ጎማው ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ከድር መኪናዋን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ሁለቱንም መገጣጠሚያ ፈቱ፤ ተበልተው አልቀዋል። ከአዲስ አበባ ያስመጡት ዕቃ ሲደርስ ደግሞ ሁለቱም የቀኝ ጎን ሆኖ ተገኘ። የግራው የለም። ለሠርጉ አራት ቀን ቀርቷል።

“አሮጌውን በብየዳ ሞልቼ አጠብቀዋለሁ፤ ጎባ ደርሶ ይመለሳል” አለ የሰፈራችን በያጅ።

“መሪ አይበየድም” አሉ ጋሽ ከድር፤ በቃ፣ ሌላ ቃል የለም።

ፋጡማ አለቀሰች። ከልጁ ብረት በለጠበት ተብሎ ታሙ። በመጨረሻም ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ለመኪና ሽማግሌ ሲላክ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አሥር ዓመቴ ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ።

“ከድር፣ እባክህ አታሳፍረን። ልጅቷንም አታስለቅስ” አሉ ትልቁ።

ጋሽ ከድር እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። “አባቶች፣ እናንተ ስትለምኑኝ እሺ እላለሁ እንበል። የጎባ መንገድ ኩርባን ማን ይለምንልኛል?”

አንደኛው ሽማግሌ “ወላሂ ዱጋ ነው፣ እውነቱን ነው” ብለው ሳቁ።

ፋጡማ በጋሪ ተዳረች። አባቷ ልጓሙን ራሳቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው በገበያው መሀል ወሰዷት። ጎባ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። የሳቀ ሳቀ። እኔ ግን በጣም ኮራሁባቸው።

ከሁለት ወር በኋላ የግራው መጣ። ገጥመው፣ መሪውን በሁለት ጣት አዙረው ሞከሩት። የዚያኑ ዕለት ጎባ ሄደው ፋጡማን ከነሽርጧ ከጓዳ አወጧትና፣ በሥራ ቀን፣ ሙሽራ እንደያዘ ሰው ክላክስ እየነፉ ከተማውን አዞሯት። እየሳቀች ታለቅስ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

ጋሽ ከድር ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አምና የልጆቼ አባት እጁን አነሣብኝ፤ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ተላከብኝ። “ቻይው፤ ትዳር እንዲህ ነው፤ ውሎ አድሮ ይስተካከላል” አሉኝ። አከበርኳቸው፣ ሻይ ቀዳሁላቸው። ጠጥተው እስኪጨርሱ ጠበቅኩና እምቢ አልኳቸው።