ሥርዝ ድልዝ የሌለበት ክረምት

ያን ክረምት አባቴን ጠላሁት። ልጅነት ነው ብዬ ላልፈው እሞክራለሁ፤ ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

አትላንታ ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰፈራችን ስማይርና ያለው ትምህርት ቤቴ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ልጆች በተለየ ክፍል አስቀምጦኛል። የፖም ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ “አፕል” ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ነው። ከዚያ ለመውጣት ትምህርት ሲከፈት የጽሑፍ ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። መምህሯ ለዕረፍት ስንለያይ “በየቀኑ አንብቢ፤ በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፊ” አለችኝ። እኔ ሞኟ ይህን ለአባቴ ተረጎምኩለት።

አባቴ አገር ቤት የቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። እዚህ መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች ጠባብ ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይሰጣል። እናቴ ሆቴል ስለምትሠራ፣ ቤት ብቻዬን እንዳልውል ይዞኝ ይሄዳል። ወንበሩ ለእሱ፣ የተገለበጠ የወተት ሳጥን ለእኔ። ማራገቢያውም ወደ እሱ ዞሯል።

እንግሊዝኛዬን ማረም አይችልም፤ አልችልም ማለት ግን ሞቱ ነው። ስለዚህ የሚያውቀውን አረመ። አንዲት ቃል ሰርዤ ካገኘ ገጹን ለሁለት ይቀደዋል።

“ሥርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም። እንደገና!”

“አባዬ፣ ይሄ እኮ ሰነድ አይደለም። ፕራክቲስ ነው።”

“ፕራክቲሱም በንጽሕና ነው። ገልብጪ።”

ስለ ቡዙ ሙቀት፣ ዓይናችንን ሳያዩ ቲኬት ስለሚወረውሩልን ሰዎች መጻፍ እፈልግ ነበር። ግን እየሞከርኩ እሳሳታለሁ፤ ስሳሳት እሰርዛለሁ፤ ስሰርዝ ይቀደዳል። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ከቀደደብኝ በኋላ ከነገሩ ጦም እደሩ አልኩ። መኪናው ቀይ ነው። ዛሬ ይሞቃል። አባቴ ሥራ ላይ ነው። በቃ። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን ልብ ወለድም ተውኩት፤ አዲስ ቃል ባነበብኩ ቁጥር ልጽፈው ያምረኛላ። እሱ ግን ደስ አለው። ገጾቼን ለማያውቃቸው ደንበኞች ሳይቀር “ማይ ዶተር” — ልጄ — እያለ ያሳያል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

የፈተናው ቀን ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍን ጻፉ ተባልን። አንድ ሰዓት ተሰጠን። በእርሳስ ጀመርኩ፤ ከዚያ ለመገልበጥ ሌላ ንጹሕ ወረቀት ጠየቅኩ። ሰዓቱ ሲያልቅ እጄ ላይ የነበሩት አምስት የሚያማምሩ መስመሮች ብቻ ናቸው።

ወደቅሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ከፖሙ ጋር።

የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሳነብለት አባቴ ፊቱ ጠቆረ። “ይሄ በደል ነው። አቤቱታ ጻፊ፤ አብረን እንወስዳለን” አለኝ። ጥፋቱ የእሱ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቡም አላለፈም።

ጻፍኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ ስለ ቡዙ፣ ስለ ተቀደዱት ገጾች፣ ስለ እሱ ጻፍኩ። እየሰረዝኩ፣ ከመስመሩ በላይ እየጨመርኩ፣ ጠርዙን ሳይቀር እየሞላሁ ሁለት ገጽ ሆነ። አሳዪኝ ሲለኝ ኤንቨሎፑን አሽጌዋለሁ።

በማግሥቱ መምህሯ ፊት ተቀመጥን። ኤንቨሎፑን ከፍታ ማንበብ ጀመረች፤ ቶሎም አልጨረሰችም። አባቴ ከጠረጴዛው ማዶ አንገቱን አስግጎ ሥርዝ ድልዝ የሞላበትን ወረቀት አየ። እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

መምህሯ ቀና ብላ “ፈተናው ላይ ለምን እንደዚህ አልጻፍሽም?” አለችኝ።

“ምን አለች?” አለ አባቴ።

አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩለት። ወረቀቱን እንደገና አየው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ረቂቅ ነው በያት። ንጹሑን ነገ እናመጣለን በያት” አለኝ።

አልተረጎምኩላትም።