የፍርሃት ዕጢ በቀበሌ አዳራሽ

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስጮህ ከርሜ፣ እሑድ ደግሞ «የቀበሌውን ሕዝብ ስለ ጤና አስተምር» ተባልኩ። እየሰለቸኝ ስለ ሆርሞን ጀመርኩ።

«ከኩላሊቶቻችን በላይ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ስንፈራ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ልባችን ድው ድው ይላል፣ አፋችን ይደርቃል። በር ሲንኳኳ እንዲህ የሚሆን ሰው አለ?»

ምን አስቀባጠረኝ? ማን ደፍሮ «እፈራለሁ» ይበል? የራሴ አፍ ደረቀ።

የቀበሌው ሊቀመንበራችን ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። እሱ ካወጣ ማን ይቀራል? እንደ ልማዳችን ሁላችንም አወጣን።

ሲያንቀላፋ የነበረው ጸሐፊ ብንን ብሎ የወጣውን እጅ ሁሉ አየና፣ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አለ።