ውሃ ያልጠገበችው ጀልባ

ጆቪታ ፔዞኒ ኢላሪዮን ያቺን ጀልባ «ግዛት» ብለው የመከሩት ለምን ነበር? ኢላሪዮ ይህን ዛሬም ይጠየቃል። በሐይቁ ዳር ባሉት መንደሮች ያገለገለ ጀልባ ሊገዛ ያሰበ ሰው ጆቪታን ሳያማክር ኪሱን አይነካም ነበር። እሳቸው ደግሞ ከዚያች በፊት ለማንም ግዛ ብለው አያውቁም።

ሽማግሌው ጀልባ ሠሪ አልነበሩም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሐይቁ ማመላለሻ መርከብ ላይ ገመድ ሲወረውሩና ትኬት ሲቆርጡ ነው። ሚስት አላገቡም። ማሮኔ ወደብ ፊት ለፊት፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ይኖሩ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥቁር ኮታቸውን እንደለበሱ ከገዢው ጋር ይወጣሉ። እንደደረሱ እጃቸውን ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። ሞተሩ ሞቆ ካገኙት ሌላውን ሳያዩ ይመለሳሉ፤ ሻጩ አስቀድሞ ያሞቀው ሲቀዘቅዝ አልነሳ ስለሚለው ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ከኋላ በርከክ ብለው የሳንቃውን መጋጠሚያ በሰንጢ ጫፍ ይወጋሉ። አዲስ ቫርኒሽ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። «አሮጊት ያለ ምክንያት አትኳልም» ይላሉ። ማሳረጊያቸው ሁልጊዜ «ተዋት» ስለሆነ የወደቡ ሰዎች «አባ ተዋት» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል።

ኢላሪዮ መረብ ሠሪ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የእንጨት ፈጣን ጀልባ ባየ ቁጥር ልቡ ይሸፍትበት ነበር። ከፒሶኜ መንደር በላይ፣ አንድ የድርቆሽ ጎተራ ውስጥ ማሆጋኒ ከሚባል ቀይ እንጨት የተሠራች ጀልባ እንዳለች ሲሰማ ጆቪታን ይዞ ሄደ። ባለቤቱ ቱሊዮ የሚባል ተጫዋች ሽማግሌ ነው። ጀልባዋ ለዓመታት ከተራራው አልወረደችም፤ ወንበሯ ላይ ዶሮዎች ያድሩበታል።

«ጆቪታ፣ ኩሱንም በሰንጢ ትወጋው ይሆን?» አለ ቱሊዮ።

ጆቪታ አልሳቁም። ሞተሩን ነኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ከኋላ ወንበር ሥር እጃቸውን ሰደው አንድ ቦታ ላይ አቆዩት። ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ኢላሪዮ የለመደውን ቃል ሲጠብቅ፣ ወደ እሱ ሳይዞሩ «ግዛት» አሉ። ቱሊዮ ራሱ ደንግጦ ዋጋ መጨመር ረሳ።

ያለ ውሃ የኖረ የእንጨት ጀልባ ሳንቃው ይኮማተራል። ስለዚህ በሐይቁ ልማድ፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት በሁለት ምሰሶ መካከል በሰፊ ጠፍር አንጠልጥለው ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል። እንጨቱ እየጠጣ ያብጣል፣ ክፍተቱም ይዘጋል። ጠዋት ወለሉ ደረቅ የተገኘ ዕለት «ጠገበች» ይባላል። ሳትጠግብ የተነዳች ጀልባ ሆዷ እንደሚከፈት የማያውቅ የለም።

ጀልባዋን ባንጠለጠሏት ቀን ጆቪታ የኢላሪዮን እጅ ይዘው ከኋላ ወንበር ሥር አስነኩት። አንዲት ከሌላው የተለየች ቁራጭ እንጨት ነበረች።

«የገጠምኳት እኔ ነኝ» አሉ። «የወንድሜ የአቲሊዮ ጀልባ ናት።»

ቀጥለው ቀስ ብለው ነገሩት። አቲሊዮ በፍጥነት ሲያዞራት ወርውራ ጣለችው። ከዚያ ባዶዋን ሐይቁ መሐል ስትሽከረከር ቆይታ ዓለት ላይ ወጣች። ሬሳው አልተገኘም። ጆቪታ ቀዳዳዋን ደፍነው ለሩቅ ሰው ሸጧት፤ ከዚያ ወዲህ ከመርከቡ በቀር በሌላ ጀልባ ውሃ ላይ ወጥተው አያውቁም።

ኢላሪዮ እጁን ከቁራጯ ላይ አነሳ። «ታዲያ ለምን ግዛት አሉኝ፣ ጋሼ?»

«እንጨቷ ጤነኛ ነው» አሉ።

ሚስቱ ኖኤሚ ስትሰማ ሰው የበላች ጀልባ ደጄ ላይ አትታሰርም ብላ አመረረች። «እኚህ ሰው የማንንም ሲያጣጥሉ ኖረው ለአንተ የወንድማቸውን መቃብር መረጡልህ» አለችው። ኢላሪዮ ሳቀባት። ጀልባዋንም ለቱሊዮ አልመለሳትም። ሲያያት ሌላው ሁሉ ይረሳዋል።

ጆቪታ ወንበር አምጥተው ጀልባዋ ከተንጠለጠለችበት አጠገብ ባለው የወደቡ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ጠብቁልኝ ያላቸው አልነበረም። በመጀመሪያው ጠዋት ውሃው በጀልባዋ ውስጥ እስከ ወንበሯ ሞልቶ ነበር። በሚቀጥሉት ጠዋቶች እየቀነሰ ሄደ። የሽማግሌው ዓይን እየቀላ፣ እጃቸው እየተላላጠ መጣ። ኢላሪዮ አየው እንጂ አላሰበበትም፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነበር።

አንድ ጠዋት ወለሉ ደረቅ ሆኖ አገኘው። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ጆቪታ ዳቦ ሊገዙ ሄደዋል። ኢላሪዮ እስኪመለሱ መጠበቅ አቃተው። ጠፍሩን ፈትቶ ሞተሩን አስነሳ። ከሰሜን የሚመጣው የጠዋት ነፋስ ከኋላው ነበር። ጀልባዋ እንደ ቅቤ ተንሸራተተች፤ ነዳጁን ጨመረላት፣ አፍንጫዋን አነሳች።

ከእግሩ ሥር ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ቀጥሎ በረዶ የመሰለ ውሃ ጉልበቱን ያዘው። ሊያዞራት ሞከረ፤ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጠፋ። ወደ ዳር ቢያይ፣ የአሣ አጥማጅ ታንኳ እየቀዘፈ የሚመጣ ጥቁር ኮት ታየው። ጆቪታ ጀርባቸውን ለእሱ ሰጥተው ይቀዝፋሉ፤ አንድም ጊዜ አልዞሩም። ሲደርሱ በአንገትጌው ጎትተው ወደ ታንኳው ጣሉት።

«ደረቅ ነበረች እኮ» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«አልነበረችም። ሌሊት ሌሊት ውሃዋን እየቀዳሁ የማፈሰው እኔ ነበርኩ።»

«ለምን አይነግሩኝም?»

«እሷ ስትሰጥም ማየት አልቻልኩም።»

ጀልባዋ ገና ከንፈሯ ከውሃው በላይ ነበር። በታንኳው ወለል ላይ ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ኢላሪዮ አስሮ ወደ ዳር ሊጎትታት እጁን ሰደደ። ጆቪታ ጫማቸውን ገመዱ ላይ አደረጉ። ኢላሪዮ ቀና ብሎ አያቸው፣ እሳቸው ግን እሱን ሳይሆን አቲሊዮ የቀረበትን ውሃ ነበር የሚያዩት። ጫማቸው የተነሳው ጀልባዋ ሰጥማ፣ ከጥልቁ የሚወጣው አረፋ ካቆመ በኋላ ነው።

ኖኤሚ ወደቡ ላይ ብርድ ልብስ ይዛ ቆማ ነበር። ባሏን ስትጠቀልል ሽማግሌውን ቀና ብላ አላየቻቸውም። እሳቸውም ታንኳውን አስረው፣ እርጥብ ኮታቸውን የደረጃው መደገፊያ ላይ ሰቅለው ወደ ክፍላቸው ወጡ። ኢላሪዮ ከታች ሆኖ የመስኮቱ መዝጊያ ሲገጠም ሰማ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሊጠይቃቸው ሲወጣ በሩ ሳይዘጋ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ከባድ እንቅልፍ ወስዷቸው አገኛቸው። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል ነበር።