ዚሩን ፀሐይ ላይ ያወጣን ቀን

ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ፣ ጆንያ ላይ እንደተቀመጥሁ ነው የጸጥታ ሰዎች የያዙኝ። ከዶካ ከተማ ለሰው የተላከ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ አገኙና የተቃዋሚ መልእክተኛ ነህ አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ በወጉ ማንበብም አልችልም።

ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ የብረት ፍርግርግ ነው፤ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ስምንት ነበርን። ውሃችን በአንድ ዚር፣ በትልቅ የሸክላ ገንቦ ነው የሚቀመጥ። ዚር ደግሞ ከጥላ አይወጣም።

አንድ ቀን ሲነጋ ዚሩ ተሰንጥቆ፣ ውሃው ፈስሶ አገኘነው። ውሃ የሚታደለን በቀን አንዴ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ከመካከላችን አንዱን ወባ ጥሎታል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

ስንቅ የሚልክልኝ ያገሬ ባለሱቅ ነገሩን ሰምቶ፣ ከምሳው ጋራ ሁለት ቱቦ ሙጫ ላከ። ሁለቱ ተደባልቀው ነው የሚጠነክሩ። ቀብተን በጥላ እናቆየው አልሁ። እኛ ቅል የምንደፍነው በሰም ነው፤ ሰም ሲበርድ ነው የሚጠነክር።

«አይ አያ፣ ፀሐይ ላይ ነው» አለኝ መምህር።

መምህር የምንለው አብሮን የታሰረ የኬሚስትሪ ሰው ነው። ደብተሩ ላይ አዛይድ የሚል ቃል አግኝተው፣ ፈንጂ ነው ብለው ነው ያመጡት።

«ምንድን ነው እሱ?» አልሁት።

«ሁለት ዓይነት ክር ያስቡ። ያንዱ ጫፍ አዛይድ፣ የሌላው አልካይን ይባላል። በብርድ ዓመት ቢጎራበቱ አይነካኩም። ሲሞቁ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። መዳብ ቢገባ እንደ ሽማግሌ ያፋጥናቸዋል። እኔ የማጠናው ያለ ሽማግሌ፣ በሙቀት ብቻ የሚጋቡትን ነው። በምን ያህል ሙቀት፣ በስንት ጊዜ።»

«ኮብላዮች ናቸው በለኛ!»

ሳቀ። «ይህ ሙጫ ሌላ ዘር ነው። እሱንም ግን ሙቀት ያስቸኩለዋል።»

አላመንሁትም። ከሙጫው ትንሽ ደባልቆ አንዱን ጠብታ ጥላ ውስጥ፣ አንዱን በጋለው የበር ብረት ላይ አደረገ። የእጁን ትርታ እየቆጠረ በመጥረጊያ ስንጥር ይወጋቸዋል፤ ቁጥሩን በከሰል ግድግዳው ላይ ይጭራል። የጥላው ገና እንደ ማር ሲሳብ፣ የበሩ ስንጥሩን አላስገባም አለ። ተረታሁ። ዚሩን ቀብተን በፍርግርጉ ወደሚገባው ፀሐይ አንከባለልነው።

የአስር አዛን ተባለ፤ ሶላቱም አለቀ። ጠባቂው በርሜሉን እየገፋ ደረሰ። «ያላ፣ ሞያ!» አለ፤ ቶሎ በሉ፣ ውሃ ማለቱ ነው።

የዚሩን ሙጫ በስንጥሩ ነካ አደረግሁት። ምልክት ጣለ።

«መጀመሪያ ይሮጣል» አለ መምህር በቀስታ። «እየተያያዘ ሲሄድ መንቀሳቀሻ ያጣና መጨረሻው ይንቀራፈፋል። ጥቂት ቀርቶታል።»

ሁልጊዜ ቀድመን የምንቀዳ እኛ ነን። በሩ ዘንድ ሄድሁና በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣ «ሌሎቹን ክፍሎች አስቀድም፤ የተረፈውን ለኛ» አልሁት።

«ካለቀስ?»

ወደ ኋላዬ አየሁ። ወባ የያዘው ራሱ እንኳ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀልኝ።

«ካለቀ ለነገ።»

ሲመለስ ከበርሜሉ ሲሶው ቀርቶ ነበር። ስንጥሩም ምልክት መጣል ትቷል። ውሃው ሲገለበጥ መዳፌን ከዚሩ ሥር አድርጌ ብዙ ቆየሁ። እጄ ደረቅ ነው። የመጀመሪያውን ኩባያ ለታማሚው ሰጠነው። ከዚያ በየተራ፣ አንዳንድ እፍኝ፣ ፊታችንን ታጠብን።

መምህር ከኔ ቀድሞ ተፈታ፤ ደብተሩን ግን አልመለሱለትም። ግድግዳው ላይ የጫረውን እኔ እስክወጣ ማንም አላጠፋውም።

አሁን መተማ ተቀምጬ የተሰበረ ዕቃ እጠግናለሁ። ቶሎ በል የሚለኝ ሲመጣ አልከራከርም። ስንጥር እሰጠውና ፀሐይ ላይ ያለውን ዕቃውን አሳየዋለሁ።

«ራሱን ጠይቀው» እለዋለሁ።